አርብ አርብ የሚለበስ ዩኒፎርም

ፈይሩዛን በአሰላ መናኸሪያ የማያውቃት የለም። በሩ አጠገብ የከሰል ምድጃዋን ዘርግታ ቅቅል ድንች ትሸጣለች። ድንቹ የአርሲ ነው፤ ዳጣው ግን የአገሯ የስልጤ ነው። ቃሪያውን፣ ነጭ ሽንኩርቱንና በሶብላውን ራሷ ወቅጣ ስለምታመጣው ወደ ሳጉሬና ወደ ጢቾ የሚጭኑ ሚኒባሶች ረዳቶች ማለዳ ማለዳ ይከቧታል። እጃቸውን በምድጃዋ ያሞቃሉ፣ አፋቸውን በዳጣዋ ያቃጥላሉ። ድሮ ከሁሉም ጋር ስትቀልድ፣ ስትሳደብ፣ ስትስቅ ነበር የምትውለው። ካለፈው ክረምት ወዲህ ግን ድንቹን በወረቀት ጠቅልላ ትሰጣለች፤ ሂሳቧን ትቀበላለች፤ ሌላ ነገር የለም። ምን እንደገጠማት የሚያውቁት አይጠይቋትም። የማያውቁት ደግሞ ጠይቀው መልስ አላገኙም።

አሰላ የመጣችው ከባሏ ከኸይሩና ከሁለት ልጆቿ ጋር ነው። ወራቤ አካባቢ ያለው የኸይሩ አባት መሬት ለወንድማማቾቹ ሲከፋፈል ለእሱ የደረሰችው ቁራጭ የጓሮ እንሰት እንኳ የምታስተክል አልነበረችም። ያን ጊዜ የመንደራቸው ሰው ጋሽ ሁሴኖ ለአረፋ አገር ቤት ገብቶ ነበር። "አሰላ ሥራ ሞልቷል፤ እኔ እያለሁ ምን ትሆናላችሁ?" አለ። ሁሴኖ አሰላ ላይ ብርድ ልብስና ምንጣፍ በጅምላ የሚያከፋፍል፣ መኪና ያለው፣ የአገሩ ሰው ሲሞት አስከሬን ማጓጓዣ የሚከራይ፣ ሲታሰር ዋስ የሚሆን ሰው ነው። እሱ ኑ ካለ ይመጣል። መጡ።

ኸይሩ እህል መጋዘን ውስጥ ጫኝና አውራጅ ሆነ። ፈይሩዛ ድንቿን ጀመረች። ከከተማው ዳር በአንዲት የአርሲ ሴት ግቢ ውስጥ አንድ ክፍል ተከራዩ። ሴትዮዋ ኢፍቱ ትባላለች፤ ባሏ የሞተባት፣ ላሞች የምታረባ፣ ድምጿ ከአጥር አልፎ የሚሰማ ሴት ናት። አማርኛዋን በኦሮምኛ፣ ኦሮምኛዋን በአማርኛ እያዋዛች ስትናገር ፈይሩዛ በመጀመሪያው ዓመት ግማሹን ብቻ ነበር የምትሰማው። የልጆቹ ጆሮ ግን ፈጣን ነበር። ትልቋ ሩዋይዳና ታናሽ ወንድሟ ነቢል ዓመት ሳይሞላቸው ከኢፍቱ ጋር በኦሮምኛ የሚያወሩትን እናትየዋ መከተል አቃታት።

ከዚያ አንድ ቀን የገብስ ኩንታል ከክምሩ ላይ ተንሸራቶ ኸይሩ ዳሌ ላይ ወደቀ። ወጌሻም ሐኪምም አዩት፤ ዳነ፤ ግን እያነከሰ ቀረ። አንካሳ ደግሞ ኩንታል አይሸከምም። መጋዘኑ ደጃፍ የተደፋ እህል እየጠረገ፣ እየነፋ መኖር ጀመረ። የቤቱ ሸክም በፈይሩዛ ሳፋ ላይ ወደቀ።

ጋሽ ሁሴኖ ለጥየቃ የመጣው በዚያ ሰሞን ነው። አንድ ፌስታል ስኳር፣ አንድ ፌስታል ሩዝ ይዞ መጣ። ልጆቹን አስጠርቶ ኦሮምኛም አማርኛም አስነበባቸው። ሩዋይዳ ስታነብ እጁን አገጩ ላይ አድርጎ ሰማትና፣

"ይቺ ልጅ ዶክተር ነች" አለ። "እዚህ መጥፋት የለባትም። ኸይሩ፣ ሁለቱንም እኔ አስተምራለሁ። ነቢል እዚሁ ሰፈራችሁ ካለው የግል ትምህርት ቤት ይግባ። ሩዋይዳ ግን እኛ ሰፈር ያለው ይሻላታል። ከዚህ እዚያ ድረስ በብርድ ስትመላለስ አትችለውም፤ እኛ ጋ ትሁን። ሸምሲያም ሴት ልጅ ትወዳለች።" ሸምሲያ ሚስቱ ናት።

ፈይሩዛ ደነገጠች። "ጋሽ ሁሴኖ፣ አላህ ይስጥልኝ፤ ግን ልጄን ከቤት ማውጣት..."

"የት ወጣች? ከእናት ቤት ወደ እናት ቤት ነው።"

ያን ምሽት ኸይሩ ሲለምናት አመሸ። "ሰው በሩን ሲከፍትልሽ እግርሽን አትሰብስቢ። እኛ እኮ ምንም የለንም" አላት። እሷም በመጨረሻ እሺ አለች። ሩዋይዳ አሥራ ሁለት ዓመቷ ነበር፤ አምስተኛ ክፍል ልትገባ። ልብሷን በአንድ ፌስታል ጠቅልላ፣ ባጃጅ ላይ ተቀምጣ፣ ወደ ኋላ እየዞረች እጇን እያወዛወዘች ሄደች። ኢፍቱ አጥሩ ላይ ተደግፋ አይታ "ልጅ አይሰጥም፣ ያ ረቢ!" ብላ አጉረመረመች። ፈይሩዛ በዚህ ተቀይማት ሰንብታለች። ቅናት መስሏት ነበር።

የጋሽ ሁሴኖ ደግነት በአገሩ ሰዎች ዘንድ ተወራ። በሰርግም በለቅሶም "የኸይሩን ልጆች እኮ እሱ ነው የሚያስተምረው" ይባል ነበር። ሰዎች ይህን ሲሉ ፈይሩዛ ቆማ ትመርቀዋለች። መናኸሪያም ላይ ለረዳቶቹ፣ ለሾፌሮቹ፣ ለማያውቁት ሁሉ ስሙን ታነሳለች።

ሸምሲያ መጀመሪያውኑ አንድ ነገር ነግራታለች። "ልጅሽን ለማየት አርብ ከአስር ሰዓት በኋላ ነይ። በሌላው ቀን ጥናት አለባት፤ ሆዷ ይባባል።" ፈይሩዛ ምክንያቱ ገብቷታል። ጎበዝ ተማሪ እንዲህ ነው የሚጠበቀው ብላም አደነቀች። አርብ አርብ ለጁምዓ ምድጃዋን ቶሎ ታነሳለች፤ ከዚያ ታጥባ፣ ሻሿን ቀይራ፣ ሙቅ ድንች በጨርቅ ጠቅልላ ትሄዳለች። ሩዋይዳ ሳሎኑ ጫፍ ላይ ቡርትካናማ ሹራብና ጥቁር ቀሚስ ዩኒፎርሟን ለብሳ፣ ፀጉሯን ተሠርታ ትጠብቃታለች። ልጅት በዚያ ልብስ ስታምር! ፈይሩዛ ሹራቡ ላይ የተሰፋውን የትምህርት ቤቱን ምልክት በጣቷ ትነካካዋለች።

"ትምህርት እንዴት ነው?"

"ጥሩ ነው።"

"ምን ተማራችሁ?"

"ሳይንስ። ስለ... ስለ ዕፅዋት።"

ሸምሲያ ሁልጊዜ አጠገባቸው አለች። ሻይ ታቀርባለች፤ ሕፃኗን ታባብላለች። አንድ አርብ ፈይሩዛ የልጇን እጅ ስትይዝ ሻካራ ሆነባት። ጀርባው ተሰነጣጥቋል፤ ጥፍሮቿ ዳር ነጭ ሆነው ተልጠዋል።

"ብርዱ ነው አይደል?" አለች ፈይሩዛ ራሷ። "ቫዝሊን ቀቢ እንጂ ልጄ።"

"እሺ እማ" አለች ሩዋይዳ።

ሌላም ነገር ነበር። ሩዋይዳ መጀመሪያ ሰሞን ሸምሲያን "እማማ" ነበር የምትላት። በኋላ "እትዬ" ማለት ጀመረች። ፈይሩዛ ይህን ሰምታለች። ትልቅ ስትሆን ጨዋነት ተምራ ነው ብላ አለፈችው።

የሰሚስተሩ ውጤት ሲደርስ የሚነግራት ኸይሩ ነበር። ሁሴኖ ሱቅ ሄዶ ሰምቶ ይመጣና፣ ጫማውን ሳያወልቅ በሩ ላይ ቆሞ "አራተኛ ወጣች!" ይላል። በቀጣዩ ዓመት "ሦስተኛ!" አንድ ጊዜ እንዲያውም "የእንግሊዝኛ አስተማሪዋ 'ይቺን ልጅ ከየት አመጣችኋት' ብሎ ጋሽ ሁሴኖን ጠየቀው አሉ" አላት። ያን ቀን ፈይሩዛ አለቀሰች። የቆየ ኩርፊያዋን ጥላ ለኢፍቱም ሄዳ ነገረቻት። ኢፍቱም "ማሻአላህ" ብላ አቀፈቻት።

ወደ አራት ዓመት ገደማ እንዲህ ሄደ።

ባለፈው ሰኔ የስምንተኛ ክፍል ፈተና ደረሰ። ፈይሩዛ ቀኑን ከመናኸሪያ ወሬ ሰማች፤ የሾፌሮቹም ልጆች የሚፈተኑ ነበሩ። ያን ጠዋት ምድጃዋን ለጎረቤቷ ለሻይ ሻጯ አደራ ብላ፣ እንቁላል ቀቅላ፣ ሁለት አዲስ እስክሪብቶ ገዝታ ወደ ልጇ ትምህርት ቤት ሄደች። ለማንም አልተናገረችም። ሩዋይዳ ከፈተና ስትወጣ በር ላይ ስታያት እንዴት እንደምትሆን እያሰበች መንገዱን ሙሉ ብቻዋን ፈገግ ትላለች።

ካፊያ ነበር። ተማሪዎቹ ተራ በተራ ወጡ። ቡርትካናማው ሹራብ በሩን ሞላው። ፈይሩዛ አንገቷን እያሰገገች እያንዳንዷን ልጅ አየች። ግቢው ሲሳሳ አንዲት ልጅ ያዘችና "ሩዋይዳ ገና አልጨረሰችም?" አለቻት።

"የትኛዋ ሩዋይዳ?"

"ሩዋይዳ ኸይሩ ነቻ!"

ልጅቷ ጓደኛዋን አየች። "እኛ ክፍል ሩዋይዳ የምትባል የለችም" አሉ ሁለቱም።

ፈይሩዛ ወደ ውስጥ ገባች። ዘበኛው ከለከላት፤ ጮኸች። ጩኸቱን ሰምታ አንዲት መምህርት ጥላ ይዛ መጣች። ማህደር ትባላለች፤ ድሮ አምስተኛ ክፍልን ታስተምር ነበር። ስሙን ስትሰማ ቆም አለች።

"ሩዋይዳን አስታውሳታለሁ" አለች። "እንዴት እረሳታለሁ። ጎበዝ ነበረች። ግን እኮ ከአምስተኛ ክፍል መንፈቅ በኋላ ነው ያቆመችው። እናት ነዎት እርስዎ?"

"አላቆመችም" አለች ፈይሩዛ። "አርብ ዕለት እንኳ ዩኒፎርሟን ለብሳ አይቻታለሁ።"

መምህርት ማህደር ጥላዋን ወደ ፈይሩዛ አስጠጋች። "ስትቀር ጊዜ ደጋግሜ ጠይቄያለሁ። በመጨረሻ አባትየው መጥተው ወራቤ አያቷ ጋ ሄዳለች፣ እዚያ ትማራለች አሉኝ።"

"አባት አይደለም እሱ። አሳዳጊ ነው። ወፈር ያለ፣ ኮፍያ የሚያደርግ—"

"አይ፣ አባቷ ናቸው። ቀጭን ሰው። ኸይሩ ነኝ ብለው፣ እያነከሱ..."

ፈይሩዛ ከዚያ በኋላ የተባለውን አልሰማችም። እንቁላሉን የት እንደጣለችው ዛሬም አታውቅም።

ወደ ጋሽ ሁሴኖ ቤት በእግሯ ሄደች። በሩን ደበደበች። ከውስጥ ውኃ የገባበት ቦቲ ጫማ እየተንቦጫረቀ መጣ።

"እትዬ የሉም፤ ገበያ ወጥተዋል" አለ የልጇ ድምፅ፣ በሩ ሳይከፈት።

"ክፈቺ" አለች ፈይሩዛ።

መቀርቀሪያው ቀስ ብሎ ተሳበ። ሩዋይዳ በአሮጌ ነጠላ ሕፃን አዝላለች። እጅጌዋ እስከ ክርኗ ተሰብስቦ ክንዷ ላይ የሳሙና አረፋ አለ። ከኋላዋ ግቢው ውስጥ የታጠበ ብርድ ልብስ ተቆልሏል። እናቷን አየች፤ አፏን ከፈተች፤ የወጣው ግን ሌላ ነው።

"እማ፣ ዛሬ እኮ አርብ አይደለም።"

ፈይሩዛ ተራምዳ ገባች። ልጇን አላቀፈችም፤ አልመታችም። ማብሰያ ቤቱ በር ጀርባ ቡርትካናማው ሹራብና ጥቁሩ ቀሚስ ተተኩሰው በማንጠልጠያ ተሰቅለዋል። ቆማ አየቻቸው።

"ከመቼ ጀምሮ?"

ሩዋይዳ ሕፃኑን እያወዛወዘች፣ መሬት መሬት እያየች ነገረቻት። የመጀመሪያውን መንፈቅ ተምራለች። ከዚያ ሸምሲያ ወለደች፤ ሠራተኛዋም ጥላት ሄደች። "ለሳምንት ብቻ አግዢኝ" አለቻት። ሳምንቱ ወር ሆነ። አንድ ቀን አባቷ መጣና ከጋሽ ሁሴኖ ጋር ሳሎን ገብተው አወሩ። ሲወጣ እሷን ወደ ጓሮ ወሰዳት።

"ሥራው ቀዝቅዟል፣ ለሁለታችሁም መክፈል አይችሉም አለኝ። ለአንድ ብቻ ነው አለኝ። እኔ እዚህ ካገዝኩ ነቢል ይማራል አለኝ። ለእናትሽ እንዳትነግሪ፣ ልጁን ታስወጣዋለች አለኝ።"

"ዩኒፎርሙስ?"

"የእኔ አይደለም። የእትዬ ልጅ የጠበባት ነው። አርብ አርብ እለብሰዋለሁ።"

ሸምሲያ ዘንቢሏን ይዛ ስትገባ ይህን አገኘች። መጀመሪያ ፊቷ ነጣ። ቀጥሎ ግን ዘንቢሏን አስቀምጣ ወገቧን ያዘች።

"ምን በደልንሽ ፈይሩዛ? የምትበላው እኛ የምንበላውን ነው። የወንዱን ትምህርት እየከፈልን ነው። ባልሽ ያውቃል፤ ከባልሽ ጋር ተስማምተን ነው። ከእሱ ጋር ጨርሺ።"

"አርብ አርብ ሻይ ስታቀርቢልኝ ምን ትያለሽ በሆድሽ?"

ሸምሲያ ሕፃኑን ለመቀበል እጇን ዘረጋች። ሩዋይዳ ሕፃኑን አውርዳ ስትሰጣት ልጁ አልቅሶ የሩዋይዳን አንገት አልለቅ አለ። ጣቶቹን አንድ በአንድ ማላቀቅ ነበረባቸው። ልጅቷም አለቀሰች። ሦስት ዓመት ያዘለችው ልጅ ነው። ፈይሩዛ ያንን ማየቱ ከሁሉም በላይ አንገበገባት፤ ልጇ ለእሷ አላለቀሰችምና።

ኸይሩን ቤት አገኙት። በሩ ላይ ተቀምጦ የሰበሰበውን ገብስ ይነፋል። ሁለቱ አብረው ሲመጡ ሲያይ ወንፊቱን አስቀመጠ። ምንም ማስረዳት አላስፈለገም።

"ተቀመጪ" አላት።

"ቆሜ ነው የምሰማህ።"

"ዳሌዬ ተሰብሮ፣ አንቺ በብርድ እየወጣሽ... ሁለቱንም አልችልም አለኝ። አንዱን ምረጥ አለኝ። ምን ላድርግ? እሷ ሴት ናት፤ ነገ ታገባለች። እሱ ግን—"

"መርጠህ ነው?"

"አማራጭ አልነበረኝም።"

"ለምን አልነገርከኝም?"

"እምቢ ትያለሽ ብዬ ነዋ።"

"ሰው የሚጠየቀው እምቢ ማለት እንዲችል ነው" አለች ፈይሩዛ። ድምጿ ከፍ አላለም። "እሺ፣ ይህን ደበቅክ። ድህነት ነው፣ ጨንቆህ ነው ልበል። አራተኛ ወጣች ያልከውስ? ሦስተኛ ወጣች ያልከውስ? ማን ጠየቀህ? የእንግሊዝኛ አስተማሪው አደነቃት ያልከኝ ቀን ሳለቅስ አጠገቤ ተቀምጠህ ነበር እኮ። እንባዬን በጋቢህ ጠርገህልኛል።"

ኸይሩ ፊቱን በእጁ ሸፈነ። "ደስ እንዲልሽ ብዬ ነው" አለ።

እውነቱን ነበር። ፈይሩዛም እውነቱን እንደሆነ አውቃለች፤ ይቅር ልትለው ያቃታትም ለዚህ ነው። ያ ሰው ሊጎዳት አስቦ ቢሆን ኖሮ ጠልታው ታርፍ ነበር።

ነቢል ከትምህርት ቤት ሲመጣ እህቱን ቤት አገኘ። ምንም አያውቅም ነበር። ሲነገረው ቦርሳውን ከትከሻው አላወረደም፤ እንደያዘው ግድግዳ ተደግፎ ቆመ። ከዚያ ቀን በኋላ ወደዚያ ትምህርት ቤት አልሄደም። ማንም ሂድ አላለውም።

ፈይሩዛ ዝም አላለችም። የጋሽ ሁሴኖን ስም በደግ ስታነሳ በኖረችበት መናኸሪያ፣ በዚያው ድምፅ ያደረገውን መናገር ጀመረች። ሳምንት ሳይሞላ ጋሽ ሁሴኖ ሁለት ሽማግሌዎች አስከትሎ ኢፍቱ ግቢ ደረሰ። ኢፍቱ በርጩማ አወጣችላቸውና እሷም ሳትጠራ መሃላቸው ተቀመጠች።

"ፈይሩዛ፣ ስሜን በየመንገዱ እያነሳሽ ነው አሉ" አለ ሁሴኖ። "እኔ እኮ የረዳሁ ሰው ነኝ። እዚህ አገር ያመጣኋችሁ እኔ ነኝ። ቢያጥረኝ ለባልሽ በግልጽ ነገርኩት።"

አንደኛው ሽማግሌ ቀጠለ። "ልጄ፣ ሰው አገር ላይ ነን። የአገራችን ሰው ገመና ሜዳ አይወጣም። ሁሴኖ የሁላችንም ጥላ ነው። ነገ ችግር ሲደርስብሽ ማን ጋ ትሄጃለሽ?"

ፈይሩዛ እስከዚያ ቀን ድረስ ሁሴኖን አንተ ብላ አታውቅም።

"እስከ ዛሬ በደግ ሳነሳህ ስሜን አታንሺ አላልከኝም" አለችው። "ለአንድ ብቻ ነው የምችለው ብለህ ብትነግረኝ እጅህን ስሜ ልጄን ይዤ እሄድ ነበር። አንተ ግን ሠራተኛ አስፈለገህ። ሠራተኛ ደመወዝ አላት። ለልጄ ግን ደመወዟ የአንተ ደግነት ነበር። ለዚህ ደግሞ እኔ ቆሜ ስመርቅህ ኖርኩ።"

ሽማግሌዎቹ ያቺን "አንተ" ሰምተው ተያዩ። ሁሴኖ ተነሳ። "የልጁንም ክፍያ አቆማለሁ" አለ።

"ልጁ ከአንተ በፊት አቁሞታል" አለች ኢፍቱ ጣልቃ ገብታ። በኦሮምኛ የጨመረችውን ግን ማንም አልተረጎመላቸውም።

ከዚያ በኋላ አንዳንድ የአገራቸው ሰዎች ፈይሩዛን ማነጋገር ተዉ። ውለታ የማታውቅ አሏት። ለለቅሶ ስትሄድ ቦታ የሚለቅላት ጠፋ። አንዳንዶቹ ደግሞ በስውር መጥተው "ትክክል ነሽ" ይሏትና በአደባባይ ሲያገኟት አንገታቸውን ይሰብራሉ። እነዚህኛዎቹን ይበልጥ ጠላቻቸው።

የረዳቻቸው ኢፍቱ ናት፤ ያውም ሳትናገር። ነሐሴ ውስጥ ከላሞቿ አንዷን ወደ ሳጉሬ ገበያ ወስዳ እንደሸጠች ያወቁት ደብተርና ጫማ ይዛ ስትመጣ ነው። "ለሁለቱም ነው" አለች፣ አንዱን ጥንድ ለነቢል፣ አንዱን ለሩዋይዳ እየወረወረች። ፈይሩዛ እግሯ ላይ ልትወድቅ ስትል ገፋቻት። "ተዪ! ከአሁን በኋላ ማንንም አትመርቂ። የሚረዳሽን ሰው ዓይን ዓይኑን እዪው፤ እኔንም ቢሆን።" ለምዝገባ አብራቸው ወደ መንግሥት ትምህርት ቤት ሄደች። ርዕሰ መምህሩ ልጅቷ ለአምስተኛ ክፍል ትልቅ መሆኗን ሲያነሳ ኢፍቱ ወንበር ስባ ተቀመጠች። እስኪመዘግባትም አልተነሳችም።

የቀረው ግን በላም የሚገዛ አልነበረም።

ከምዝገባው በፊት፣ በክረምቱ አንድ ቀን፣ እናትና ልጅ ግቢው ውስጥ ድንች እያጠቡ ነበር። ፈይሩዛ "መስከረም ሲጠባ ሁሉ ነገር ተሟልቶልሽ፣ አምሮብሽ ትገቢያለሽ" አለች።

ሩዋይዳ አንዱን ድንች አጥባ፣ ሳፋው ላይ አስቀምጣ፣ ቀና ሳትል ተናገረች።

"አባ ዋሸሽ። እነሱም ዋሹሽ። እኔም ዋሸሁሽ። አንቺ ግን አይተሽ ነበር።"

"ምኑን?"

"እጄን። ይዘሽው አየሽው። ታውቂያለሽ እኮ፣ ልብስ ስታጥቢ የኖርሽ ሰው ነሽ፤ የሳሙና እጅ ታውቂያለሽ። አሁን ትጠይቀኛለች ብዬ ጠበቅኩ። ብትጠይቂኝ እነግርሽ ነበር። ብርዱ ነው ያልሽው አንቺ ነሽ። እኔ አይደለሁም።"

ፈይሩዛ እጇን ከውኃው አላወጣችም። ልትል የምትችለው ብዙ ነበር። ሸምሲያ አጠገባችን ነበረች፤ አላወቅኩም፤ አምኛችሁ ነው። ሁሉም እውነት ነው። ግን ያን አርብ ያንን እጅ ስትይዝ ልቧ ድንግጥ ብሎ እንደነበር ታስታውሳለች። ዓይኗ ያ የሚያምር ሹራብ ላይ ሲያርፍ ድንጋጤው እንደጠፋም ታስታውሳለች። በሌሎቹ ሁሉ ተከድታለች። ይህኛውን ግን በማን ላይ እንደምታላክክ አጣች።

"አዎ" አለች በመጨረሻ። "አይቻለሁ።"

ሩዋይዳ ራሷን ነቀነቀች። "እማራለሁ" አለች። "ግን ለእናንተ ብዬ አይደለም። ይህን እወቂ።"

ሳፋውን አንስታ ገባች።

አሁን ጥቅምት ነው። ሩዋይዳ ክፍሉ ውስጥ ከሁሉም ረጅሟ ናት፤ የኋላውን ዴስክ ይዛለች። ፈይሩዛ ምድጃዋ ዘንድ አለች፤ ያን ታሪክ ለማንም መናገር ትታለች። ኸይሩ ቤት ውስጥ አለ፤ አልወጣም፤ አላባረረችውም። ምግቡን ታቀርብለታለች፤ ሲናገራት ትመልሳለች፤ የሚነግራትን ወሬ ግን፣ ዝናብ እየመጣ ነው ቢላት እንኳ፣ ወጥታ ሰማዩን ሳታይ አታምነውም። እሱም ይህን አይቶ ወሬ ቀንሷል።

ከሰዓት ሩዋይዳ ስትመለስ ቀጥታ ኢፍቱ ጋ ነው የምትሄደው። ኢፍቱ ላም እያለበች ቀና ሳትል "ሀርአ ማል በረቴ?" ትላታለች፤ ዛሬ ምን ተማርሽ ማለቷ ነው። ሩዋይዳም በርጩማ ስባ ቁጭ ትልና ሁሉንም በኦሮምኛ ትነግራታለች፦ አስተማሪው ያለውን፣ ልጆቹ የሳቁትን፣ ያገኘችውን ውጤት። በአማርኛም በስልጢኛም ቤት ገብታ አትደግመውም።

ፈይሩዛ ደጃፏ ላይ ሽንኩርት እየላጠች አብዛኛውን ትሰማለች። ኦሮምኛዋ ደህና ሆኗል። ኸይሩ ግን በመጋዘን ቆይታው የያዘው የጭነትና የገበያ ቃል ብቻ ስለሆነ ከልጁ ወሬ አልፎ አልፎ አንድ ቃል ነው የሚያዘው። ትናንት ወደ ሚስቱ ዞሮ ቀስ ብሎ "ስንተኛ ወጣሁ ነው የምትለው?" አላት።

"ሂድና ራሷን ጠይቃት" አለችው።

ኸይሩ በሩን ይዞ ለመነሳት ሞከረ። ልጁ ከላሟ ጎን ተቀምጣ ስትስቅ ሰማ። ግማሽ ተነስቶ ቆየና መልሶ ተቀመጠ።